ጉድለቱን የሚከፍለው ማን ነው?

በየዓመቱ ሰኔ ገባ ሲባል የገንዘብ ሚኒስትሩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቆመው አንድ ትልቅ ቁጥር ያነባሉ። ቁጥሩ የዚያኑ ዕለት ማታ ዜና ይሆናል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይጸድቃል፤ ሐምሌ 1 ቀን ሥራ ላይ ይውላል። የ2018 በጀት ዓመት ቁጥር 1.93 ትሪሊዮን ብር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሰኔ የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን፣ ከእሱም በፊት የነበረው 801.65 ቢሊዮን ነው (በዚህ ምዕራፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። በሁለት ዓመት ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። «አገር አድጓል» የሚለውም «ይህ ሁሉ ገንዘብ የት ሊገባ ነው?» የሚለውም ክርክሩን የሚጀምረው ከዚህች ቁጥር ነው። ሁለቱም ግን ቸኩለዋል።

እስቲ ቁጥሩን መጀመሪያ በሰው ልክ እንስፋው። የአገሪቱ ሕዝብ እንደ ቆጣሪው ከ110 እስከ 130 ሚሊዮን ይባላል። 1.93 ትሪሊዮኑ ለዚህ ሕዝብ ሲካፈል ለአንድ ሰው በዓመት ከ15 ሺህ እስከ 17 ሺህ ተኩል ብር ገደማ ይደርሰዋል፤ በቀን ሲመነዘር ከ40 እስከ 48 ብር። አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ካፌ ገብቶ ማኪያቶ ለሚያዝ ሰው ይህ ለአንድ ስኒ ላይበቃ ይችላል። ወታደሩም፣ አስፋልቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ የማዳበሪያ ድጎማውም፣ የውጭ ዕዳውም የሚከፈለው ከዚችው አርባ ምናምን ብር ላይ ነው። ትሪሊዮን ሲባል ለሚደነግጥ ሰው ይህን ማስታወስ አይከፋም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ቁጥሩ የተነገረው በየትኛው ዓመት ብር ነው የሚል ነው። የ2016 በጀት ሥራ ሲጀምር አንድ ዶላር በባንክ 55 ብር አይሞላም ነበር። 801.65 ቢሊዮኑ እንግዲህ 14.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የ2018 በጀት ሥራ ሲጀምር ደግሞ 135 ብር አካባቢ ደርሷል። በዚህ ሒሳብ 1.93 ትሪሊዮኑ 14.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። በብር ከእጥፍ በላይ ያበጠ በጀት በዶላር ሲመዘን እንዲያውም በጥቂቱ አንሷል።

ታዲያ በጀቱ አላደገም? እንዲህ ብሎ መደምደምም ልክ አይሆንም። መንግሥት ለጥበቃ ሠራተኛው ደመወዝ የሚከፍለው በዶላር አይደለም። ይፋ በሆነው የዋጋ መለኪያ ከሄድን በእነዚያው ሁለት ዓመታት ዋጋ በድምሩ የጨመረው ከሲሶ በጥቂቱ የሚበልጥ ነው። በዚህ ሚዛን በጀቱ በእርግጥ ወፍሯል። ሁለቱ ሚዛኖች የተለያየ መልስ የሚሰጡት መንግሥት በሁለት ገበያ ስለሚገበያይ ነው። በአንደኛው በብር የሰው ጉልበትና የአገር ውስጥ ዕቃ ይገዛል፤ በሌላኛው ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ያስመጣል፣ የውጭ ዕዳም ይከፍላል። የመጀመሪያው ገበያ ላይ በርካሽ ያገኘውን ሁለተኛው ላይ ያጣዋል። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙ በብር ሲጨመርለት ከጭማሪው ቀድሞ የነዳጅና የዘይት ዋጋ የሚጠብቀውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። የ2017 በጀት ሰኔ ላይ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ብሩ ሲለቀቅ ቁጥሩ አረጀ። ኅዳር ላይ መንግሥት 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ጠየቀና ተፈቀደለት። ይህ ከዋናው በጀት 60 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ የ2018ን 1.93 ትሪሊዮን ከ971 ቢሊዮን ጋር የሚያነጻጽር ሰው «በጀቱ በአንድ ዓመት እጥፍ ሆነ» ይላል፤ በተግባር ከተፈቀደው 1.55 ትሪሊዮን ጋር የሚያነጻጽር ደግሞ ዕድገቱን ሩብ ያህል ያደርገዋል። የሰኔው ቁጥር ሲነበብ ሁሉም ጆሮውን ያቆማል። የኅዳሩን ግን ከጥቂት ጋዜጠኛና ከሒሳብ ሠራተኞች በቀር የሚከታተለው የለም፤ ለእኔ ከሁለቱ ይበልጥ የሚናገረው የኅዳሩ ነው። ለምን ቢባል፣ ሰኔ ላይ መንግሥት ያሰበውን ይናገራል፤ ኅዳር ላይ የገጠመውን።

አሁን ቁጥሩን እንክፈተው። የፌዴራሉ በጀት አራት ትልልቅ ክፍሎች አሉት፦ መደበኛ ወጪ፣ ካፒታል ወጪ፣ ለክልሎች የሚሰጥ ድጋፍ፣ እና ለዘላቂ የልማት ግቦች ማስፈጸሚያ የሚባል ድጋፍ። በ2018 መደበኛው 1.2 ትሪሊዮን ገደማ፣ ካፒታሉ 415 ቢሊዮን፣ የክልሎቹ 315 ቢሊዮን፣ የመጨረሻው 14 ቢሊዮን ብር ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ዓይን የማትስበው 14 ቢሊዮኗ ናት። ከጠቅላላው አንድ በመቶ እንኳ አትሞላም። ነገር ግን ወደ ኋላ ሄደን ብናይ በ2015 14 ቢሊዮን ነበረች፤ በ2016ም 14፤ በ2017ም 14። አራት ዓመት ሙሉ ቁጥሯ ንቅንቅ አላለም። በእነዚያ ዓመታት ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ የመድኃኒቱ ዋጋ ያለበት አልቆመም። በ2015 በ14 ቢሊዮን ብር የተቆፈረውን ጉድጓድና የተሠራውን ጤና ኬላ በ2018 በዚያው ገንዘብ መሥራት አይቻልም። ማንም እጁን አውጥቶ «ይቀነስ» አላለም፤ በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤም ቅነሳ ተብሎ አልተመዘገበም። ግን ተቀንሷል። በዋጋ ንረት ዘመን በጀት መቁረጥ የፈለገ መንግሥት መቀስ አያስፈልገውም፤ ቁጥሩን ባለበት መተው ይበቃዋል። የበጀት ሰነድ ሲገኝ ዓይን የዘለለውን ቁጥር ይፈልጋል። ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰውን መፈለግ ግን ልምድ ይጠይቃል።

የክልሎቹም ድጋፍ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ያውም ነገሩ እጅግ የከበደ ነው። ሕገ መንግሥቱ ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ ማከፋፈያ ቀመር እንዲወስን ሥልጣን የሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ በየጊዜው ጭቅጭቅ የሚነሣውም ከቀመሩ ላይ ነው፤ ለማን ስንት በመቶ ደረሰ እየተባለ። ስለ ጠቅላላው መጠን የሚጨቃጨቅ ግን ጥቂት ነው። በ2015 ለክልሎች የተመደበው 209 ቢሊዮን ብር ከጠቅላላው 786.6 ቢሊዮን ውስጥ ከሩብ በላይ ነበር። በ2018 የተመደበው 315 ቢሊዮን ከ1.93 ትሪሊዮኑ አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው። ገንዘቡ በሦስት ዓመት ግማሽ ያህል ጨምሯል፤ ዋጋ ግን በዚያው ጊዜ በይፋዊው ቁጥር ከዚህ በፍጥነት ሮጧል። በአብዛኛው አገር የአንደኛ ደረጃ መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያው ደመወዝ የሚከፈለው ከወረዳ በጀት ነው፤ የወረዳው ገንዘብ ደግሞ ከክልሉ፣ የክልሉም በብዙው ከዚህ ድጋፍ ይመጣል። በወረዳ «ደመወዝ ዘገየ» የሚል ወሬ ሲሰማ ሰው የወረዳውን አስተዳዳሪ ያማል። አስተዳዳሪው ጥፋት አይኖርበትም አልልም፤ ግን ከላይ የሚወርደው ውኃ መቅጠኑንም ማየት ያሻል።

በንጽጽር ለማየት ያህል፣ አዲስ አበባ ለ2018 ብቻዋን ያጸደቀችው በጀት 350 ቢሊዮን ብር ነው። አንዲት ከተማ፣ በአብዛኛው ከራሷ ገቢ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች ሁሉ ከሚሰጠው በላይ ለራሷ መደበች። ክልሎችም የየራሳቸውን ገቢ ስለሚሰበስቡ ሚዛኑ ሙሉ አይደለም። ቢሆንም የአገሪቱ ገንዘብ በየት በኩል እንደተከማቸ ያሳያል።

መደበኛና ካፒታል የሚለው ክፍፍል ላይ ብዙ አልቆይም። በተለምዶ ካፒታል ማለት ልማት፣ መደበኛ ማለት ፍጆታ ተብሎ ይታሰባል፤ ሐኪም የሌለበት ሆስፒታል ግን ካፒታል ነው፣ ሐኪሙ መደበኛ። ሊታይ የሚገባው ነገር በመደበኛው ውስጥ ተሸሽጎ ያለው የዕዳ ክፍያ ነው። በሰነዱ አከፋፈል አስተዳደር፣ ኢኮኖሚና ማኅበራዊ ከሚባሉት ዘርፎች ቀጥሎ «ሌሎች» የሚል ርዕስ አለ፤ ዕዳው የሚቀመጠው እዚያ ነው። በ2017 በመጀመሪያው በጀት ለዕዳ ክፍያ የተያዘው 139 ቢሊዮን ብር ነበር። በ2018 ከ400 ቢሊዮን አልፎ ለመላው የካፒታል ወጪ ከተያዘው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሟል። «ሌሎች» ከሚለው ርዕስ ሥር ይህን የሚያህል ነገር ማስቀመጥ ድፍረት ይመስለኛል።

ወደ ጉድለቱ ስንመጣ፣ ነገሩ ቀላል ነው፦ መንግሥት ሊያወጣ ካሰበው ላይ ገቢውን፣ ማለትም ታክሱን፣ ታክስ ያልሆነውን ገቢና ዕርዳታውን ስንቀንስ የሚተርፈው ባዶ ቦታ ነው። በ2017 በመጀመሪያው በጀት 358.5 ቢሊዮን፣ በ2018 417 ቢሊዮን ገደማ። የ2018ቱ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 2.2 በመቶ ነው ተብሏል፤ እንዲህ ሲባል የማያሳስብ ይመስላል። ከወጪው አንጻር ካየነው ግን መንግሥት ከሚያወጣው አምስት ብር ከአንድ በላይዋ ብድር ናት። በ2017 ደግሞ ከሦስት ብር አንዷና ትንሽ ተጨማሪ ነበረች። መሻሻሉ እውነት ነው። በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለው ርቀት የሚመጣው መንግሥት ከኢኮኖሚው የሚሰበስበው በጣም ትንሽ ከመሆኑ ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት ታክስ ከጠቅላላ ምርቱ ከ12 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2016 ከ8 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። ጦርነቱ፣ ደረሰኝ የማያውቀው ንግድ፣ ከታክስ ነጻ የተባለው ሁሉ ድርሻ አለው። ሌላው ምክንያት እምብዛም አይነሣም። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በይፋዊው ምንዛሪ ስለነበር፣ ገበያው ላይ በመቶ ብር ዶላር የተገዛ ዕቃ ቀረጡ የሚከፈልበት በ57 ብር ሒሳብ ነበር። ብሩ ሲለቀቅ አንድም የታክስ ሕግ ሳይለወጥ የጉምሩክ ገቢ በብር ሽቅብ የወጣው ለዚህ ነው።

ጉድለት የሚባለውን ነገር ብዙ ሰው ከቤተሰብ ጋር ያመሳስለዋል፦ ከገቢው በላይ የሚያወጣ አባወራ መጨረሻው አያምርም እየተባለ። ምሳሌው የሚያሳስተው ዋናው ቦታ ላይ ነው። አባወራው ገንዘብ አያሳትምም፤ ጎረቤቱን «አበድረኝ» ብሎ በመመሪያ አያስገድድም፤ ያልተወለደ የልጅ ልጁን ስም አስገብቶ አይፈርምም። መንግሥት ሦስቱንም ይችላል። ስለዚህ ጉድለት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ሃምሳ ዓመት የሚያገለግል መንገድ በአንድ ዓመት ግብር ይሠራ ማለትም ፍትሕ አይሆንም። ጥያቄው ሌላ ነው። ዛሬ ታክስ ያልተከፈለበት ወጪ አንድ ቀን በአንድ ሰው መከፈሉ አይቀርም፤ ጉድለት ማለት ከፋዩ ገና ያልተሰየመ ታክስ ነው። ከፋዩ ማን እንደሚሆን የሚወስነው ጉድለቱ የሚሞላበት መንገድ ነው።

አንደኛው መንገድ ማተም ነው። በወጉ ስሙ ከብሔራዊ ባንክ የሚወሰድ ቀጥታ ብድር ይባላል። ወረቀት እንኳ ላይታተም ይችላል፤ ባንኩ በመንግሥት ሒሳብ ላይ ቁጥር ይጽፋል፣ መንግሥት ለተቋራጩ ይከፍላል፣ ተቋራጩ ሲሚንቶ ሊገዛ ይወጣል። ሲሚንቶው ግን አልጨመረም። ተቋራጩ ያገኘው ከሌላ ሰው ነጥቆ ነው፤ መንጠቂያው ዋጋ ነው። በ2014 መጨረሻ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ለዚህ ጦርነቱ፣ ድርቁ፣ የዩክሬን ጦርነት ያናረው የስንዴና የነዳጅ ዋጋም ተጠያቂ ናቸው፤ ሁሉንም በቀጥታ ብድር ላይ መደፍደፍ አይገባም። ሆኖም ብሔራዊ ባንክ ራሱ ነሐሴ 2015 ላይ መንግሥት የሚወስደው ብድር ካለፈው ዓመት ሲሶ እንዳይበልጥ ገደብ ማድረጉ የት እንደተቃጠለ ማወቁን ያሳያል። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በ2016 መጨረሻ ከተደረገው ስምምነት ወዲህ ደግሞ ይህ በር እንዲዘጋ ተወስኗል። በሩ ክፍት በነበረባቸው ዓመታት የከፈለው ግን ማን ነው? መሬትና ሕንፃ ያለው አልከፈለም፤ ንብረቱ ከዋጋው ጋር አብሮ ወጥቶለታል። የከፈለው ደመወዝተኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ብሩን በባንክ ደብተር ያስቀመጠው ነው።

ደመወዝተኛው በዚህ ላይ ሌላም ሳያውቀው ከፍሏል። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ10,900 ብር በላይ ባለው የወር ደመወዝ ላይ 35 በመቶ ጣለ። በወቅቱ ይህ ደመወዝ 500 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር፤ እውነትም የደህና ተከፋይ ደመወዝ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁጥሩ አልተነካም። በ2017 መጨረሻ 10,900 ብር 80 ዶላር ሆኗል፤ ያም ሆኖ ከዚያ በላይ የሚያገኝ ሁሉ በባለጸጋ ስሌት ይቆረጥበት ነበር። ሐምሌ 2017 ላይ በወጣው ማሻሻያ ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የላይኛው እርከን ግን ከ10,900 የተነሣው ወደ 14,000 ብቻ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዋጋ በስንት እጥፍ እንደወጣ ጤፍ የሚሸምት ሁሉ ያውቃል። እንደ 14 ቢሊዮኗ፣ ይህም ሳይንቀሳቀስ ሥራውን የሠራ ቁጥር ነው፤ ልዩነቱ ያኛው ወጪ ይቀንሳል፣ ይህኛው ግብር ይጨምራል።

ሁለተኛው መንገድ ከአገር ውስጥ መበደር ነው፤ በተለይ በግምጃ ቤት ሰነድ። ንጹሕ መንገድ ይመስላል፤ ማን፣ በምን ወለድ አበደረ የሚለው እስኪነሣ ድረስ። እስከ 2012 ድረስ የሰነዱ ወለድ 2 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነበር፤ ዋነኛ ገዢዎቹ ደግሞ የጡረታ ፈንዶቹ። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተቆረጠ የተጠራቀመ ገንዘብ ማለት ነው። ዋጋ በዓመት 15 በመቶ ሲያድግ 100 ብር በ2 በመቶ ያበደረ፣ ዓመቱ ሲያልቅ የሚቀበለው 102 ብር የሚገዛው ቀድሞ በ89 ብር ይገዛ የነበረውን ነው። ጡረተኛው ስለ በጀት ጉድለት ተጠይቆ አያውቅም፤ ሞልቶታል እንጂ። በ2012 ሰነዱ በጨረታ መሸጥ ሲጀምር ወለዱ ከፍ አለ፤ ይህ በእርግጥ ከተሻሻሉት ነገሮች አንዱ ነው። ግን በ2015 ሌላ መመሪያ መጣ፦ ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 20 በመቶውን ያህል የአምስት ዓመት የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙ ታዘዙ። ባንክ ለአንድ ነጋዴ አንድ ሚሊዮን ብር ካበደረ ሁለት መቶ ሺህ ለመንግሥት ያበድር ነበር። በዚህኛው ከፋዩ ብድር ለማግኘት ወረፋ ላይ የነበረውና ወረፋው ያልደረሰው ነጋዴ ነው። ስሙ የትም አይመዘገብም።

ሦስተኛው የውጭ ብድር ነው። ታኅሣሥ 2007 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ገበያ ቦንድ ሸጠች፦ አንድ ቢሊዮን ዶላር፣ ለዐሥር ዓመት፣ በ6.625 በመቶ ወለድ። ያኔ አንድ ዶላር 20 ብር ገደማ ስለነበር በእጅ የገባው 20 ቢሊዮን ብር ያህል ነው። የመክፈያው ጊዜ ታኅሣሥ 2017 ሲደርስ ያው አንድ ቢሊዮን ዶላር 125 ቢሊዮን ብር አካባቢ ሆኖ ነበር፤ አንድም ዶላር ሳይጨመርበት። ከዚያም ዓመት ቀድሞ፣ ታኅሣሥ 2016፣ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀርቷል። ባለሥልጣናቱ የሰጡት ምክንያት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ነው የሚል ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከመንግሥታት አበዳሪዎች ጋር፣ ቻይናና ፈረንሳይ በሚመሩት ኮሚቴ በኩል፣ ዕዳው እንዲሸጋሸግ ድርድር ላይ ነበሩና። ምክንያቱ ይታመንም አይታመን፣ 33 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ አገር ብዙ አይደለም፤ አገሪቱ ውስጥ ዶላር ምን ያህል እንደጠፋ የዚያን ሰሞን ለውጭ ሕክምና ምንዛሪ የፈለገ ሁሉ ይመሰክራል። የውጭ ዕዳ በብር ታቅዶ በዶላር የሚከፈል ነው፤ በምንዛሪው በኩል የሚመጣውን ለውጥ የሚሸከመው በጀቱ ነው። ከላይ ያየነው የዕዳ ክፍያ በአንድ ዓመት እንዲህ የዘለለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በበጀት ሰነዱ ውስጥ ያለውን ነው። ከሰነዱ ውጭ የነበረው ደግሞ ለብዙ ዓመታት ከውስጡ ካለው ያላነሰ ክብደት ነበረው። የስኳር ፋብሪካዎቹ፣ የባቡር ሐዲዱ፣ የብረታ ብረት ኮርፖሬሽኑ በመንግሥት ልማት ድርጅት ስም ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ከውጭ ተበደሩ። በድርጅት ስም ስለሆነ ከበጀት ጉድለት አልተቆጠረም። በእነዚያ ዓመታት የፌዴራሉ ጉድለት ከጠቅላላ ምርቱ ከ3 በመቶ አይበልጥም እየተባለ በኩራት ይነገር ነበር፤ እውነትም ነበር፣ ሌላኛው ኪስ ካልተፈተሸ። ድርጅቶቹ መክፈል ሲያቅታቸው በ2013 ዕዳቸውን የሚረከብ አንድ የዕዳና ንብረት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ የተረከበው በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ነው። ውሎ አድሮ ከንግድ ባንክ የተወሰደው ዕዳ ትልቁ ክፍል ወደ መንግሥት ቦንድ ተለወጠ። ከዐሥር ዓመት በፊት «የድርጅት» የተባለው ብድር ዛሬ ወለዱ «ሌሎች» በሚለው ርዕስ ሥር ይነበባል። ማንም ምክር ቤት ያኔ ለስኳር ፋብሪካ ይህን ያህል ይመደብ ብሎ ድምፅ አልሰጠም።

ምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጥበትስ በጀት? ረቂቁ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ያልፋል፣ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይመራል፣ ቋሚ ኮሚቴ ያየዋል፣ ጥያቄ ይጠየቅበታል፣ ይጸድቃል። ጠቅላላ ቁጥሩ እዚያ ገብቶ ተለውጦ ሲወጣ ማየት ብርቅ ነው። ከጸደቀ በኋላ ያለው ኑሮ ግን ብዙ አስተማሪ ነገር አለው። ዓመቱን ሙሉ ግዢው ይጓተታል፣ ጨረታው ይሰረዛል፣ ገንዘቡ ይዘገያል፤ ሚያዝያና ግንቦት ሲደርስ ያልተሠራበት በጀት ክምር ሆኖ ይታያል። ያልወጣ ገንዘብ ሰኔ 30 ተመላሽ ነው፤ ዘንድሮ የተረፈው ደግሞ ለከርሞ «ይህን ያህል አያስፈልጋችሁም» ተብሎ ለቅነሳ ምክንያት ይሆናል። እናም በሰኔ የቢሾፍቱና የአዳማ ሆቴሎች አዳራሽ በሥልጠና ይሞላል፣ ለጎማና ለወንበር ግዢ ይሯሯጣሉ፣ አበል ይጻፋል። ይህን የሚያደርገው ሠራተኛ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ ሕጉ ቆጣቢውን ይቀጣል፣ እሱም ይህን አውቆ ይኖራል።

ይህን ሁሉ ተመልሶ የሚያየው ዋና ኦዲተር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ ታዟል፤ ያቀርባልም። ሪፖርቶቹን በተከታታይ ያነበበ ሰው ርዕሶቹን በቃሉ ይይዛቸዋል፦ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ከደንብ ውጭ የተፈጸመ ግዢ፣ በአንድ በኩል ከበጀት በላይ የወጣ፣ በሌላ በኩል ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ። ግኝቱ ከዓመት ዓመት ሲመላለስ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። ሒሳብ ተዘግቶ፣ ተመርምሮ፣ ተጠቃሎ ምክር ቤት እስኪደርስ ዓመት ይሞላዋል። ሰኔ 2017 ላይ እንደራሴዎቹ የ2018ን 1.93 ትሪሊዮን ሲያጸድቁ የተመረመረ ሒሳብ በእጃቸው የነበረው የ2016ቱ ነው፤ የ801.65 ቢሊዮኑ፣ ያውም ብሩ ከመለቀቁ በፊት የነበረው። የ2017ቱ ሒሳብ፣ ከነ582 ቢሊዮን ተጨማሪ በጀቱ፣ ለኦዲተሩ ገና አልቀረበም ነበር፤ ለምክር ቤቱ የሚደርሰውም የ2019 ረቂቅ ጠረጴዛ ላይ በሚወጣበት ሰሞን ነው።